ከጉልበት ቀዶ ሕክምና በኋላ ትንሹን ውሻ በቤት ማስታመም

ውሻ በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የደጅ ጠባቂ ሆኖ የኖረ እንስሳ ነው። በከተሞቻችን፣ በተለይም በአዲስ አበባ፣ ከደጅ ጠባቂነት አልፈው ከልጆች ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የሚውሉና የሚያድሩ ትንንሽ ውሾችን ማየት ግን ዛሬ እንግዳ ነገር አይደለም። እንደ ችዋዋ፣ ማልቲዝ፣ ዮርክሻየር ቴሪየርና ትንሹ ፑድል ያሉትን ዝርያዎች በብዛት ከሚያጠቋቸው ሕመሞች አንዱ የጉልበት ሕመም ሲሆን፣ ሲበረታ በቀዶ ሕክምና ይታከማል። ቀዶ ሕክምናው በሐኪም እጅ በጥቂት ሰዓት ያልቃል። ማስታመሙ ግን በቤተሰብ እጅ ስምንት ሳምንት ያህል ይፈጃል። የእግሩ መዳን አለመዳንም በአብዛኛው የሚወሰነው በዚሁ በቤት ውስጥ በሚሠራው ሥራ ነው።

እርግጥ ነው፣ «ከሥራ ውላ፣ ልጅ አስጠንታ፣ እራት አቅርባ የምታመሽ እናት ለውሻ ጊዜ ከየት ታመጣለች?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ሥራው ሥርዓትን እንጂ ብዙ ጉልበትን የሚጠይቅ አይደለም። አራስ ማረስና በሽተኛ ማስታመም የሚያውቅ ቤተሰብ፣ የሚደረገውንና የማይደረገውን ለይቶ ካወቀና ሥራውን ከተከፋፈለው ሊወጣው የሚችል ነው።

ጉልበቱ ምን ይሆናል?

የውሻ ጉልበት እንደ ሰው ጉልበት ሁሉ የጭን አጥንትና የቅልጥም አጥንት የሚገናኙበት፣ ከፊት ለፊቱም የጉልበት ሎሚ የምትቀመጥበት መገጣጠሚያ ነው። በትንንሽ ውሾች ላይ በብዛት የሚታየው ችግር ይህች ሎሚ ከቦይዋ ወጥታ፣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ውስጥ በኩል፣ መንሸራተቷ ነው። ውሻው ሲሮጥ በድንገት አንድ የኋላ እግሩን አንሥቶ ጥቂት እርምጃ በሦስት እግሩ ከዘለለ በኋላ፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ መልሶ ሲያሳርፈው ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ሐኪሞች የመንሸራተቱን መጠን ከ1 እስከ 4 በደረጃ ይከፍሉታል። አንደኛ ደረጃ ላይ ያለ ውሻ ብዙውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም። ደረጃው ከፍ ያለና የሚያነክስ ከሆነ ግን ሐኪሙ ሎሚዋ የምትቀመጥበትን ቦይ ያጠልቃል፤ እንደ አስፈላጊነቱም ጅማቱ የተያያዘበትን የቅልጥም አጥንት ክፍል ቆርጦ ወደ ትክክለኛው ቦታ ካዛወረ በኋላ በቀጭን ብረት ያጣብቀዋል።

ሁለተኛው ችግር በጉልበቱ ውስጥ ሁለቱን አጥንቶች አጣምሮ የሚይዘው ጅማት መበጠስ ነው። ፊንላንዳዊው የእንስሳት ሐኪም ሳኪ ፓትሳማ በ1952 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ጉዳት ሰፊ ጥናት ካወጣ ወዲህ ልዩ ልዩ የቀዶ ሕክምና ዘዴዎች ተገኝተዋል። አሜሪካዊው ባርክሌይ ስሎከም በ1993 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ዘዴ የቅልጥሙን አጥንት ራስ ቆርጦ በማዞር በብረትና በብሎን የሚያስር ነው። ለትንንሽ ውሾች ግን ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ከዚህ ቀለል ያለው ነው። ይኸውም ጠንካራ የናይለን ክር፣ መጀመሪያ ለዓሣ ማጥመጃ ይሠራ የነበረው ዓይነት፣ ከመገጣጠሚያው ውጪ በኩል አዙሮ በማሰር ጉልበቱ ወዲያና ወዲህ እንዳይል ማድረግ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር ማስተዋል ያሻል። ይህ ክር ዕድሜ ልክ የሚያገለግል አይደለም፤ ከወራት በኋላ ሊላላ፣ ሊበጠስም ይችላል። ጉልበቱን ለዘለቄታው የሚይዘው፣ ክሩ ደግፎ ባቆየው ጊዜ ውስጥ ሰውነቱ ራሱ በመገጣጠሚያው ዙሪያ የሚያበጀው ጠንካራ ጠባሳ ነው። አጥንት የተቆረጠ እንደሆነም ለመግጠም ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይወስዳል። እንግዲህ ጠባሳው ሳይጠና ወይም አጥንቱ ሳይገጥም ውሻው ከሶፋ ላይ አንድ ጊዜ ቢዘል የሐኪሙ ድካም፣ የቤተሰቡ ወጪና የእንስሳው ሥቃይ ከንቱ ሊቀር ይችላል። ስምንቱ ሳምንታት የቀዶ ሕክምናው ሁለተኛ ክፍል ናቸው ማለት ነው።

የመጀመሪያው ሌሊት

ውሻው ከማደንዘዣ ነቅቶ ወደ ቤት ሲመለስ ይደነጋገራል፤ ይንገዳገዳል፤ አንዳንዴም ያላዝናል። ትንሽ ውሻ የሰውነቱን ሙቀት ቶሎ ስለሚያጣ ነፋስ በማይገባበት ክፍል፣ በብርድ ልብስ ላይ ማስተኛት ይገባል። ከከሰል ምድጃ አጠገብ ግን ፈጽሞ አይተኛም፤ ገና ደንዝዞ ሳለ ከሙቀቱ መሸሽ ስለማይችል ሊቃጠል ይችላል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚቀር ከሰል ለሰውም ቢሆን ገዳይ ነው።

ውኃ በጥቂት በጥቂቱ ይሰጠዋል። በሚገባ ነቅቶ ራሱን ቀና ካደረገ በኋላ ከተለመደው ምግቡ ሩብ ያህሉን ማቅረብ ይቻላል። በዚያ ምሽት ምግብ ቢጠላ ወይም አንድ ጊዜ ቢያስመልሰው አያስደነግጥም። ለአንድ ሁለት ቀንም ሰገራ ላይወጣ ይችላል። በማግስቱም ምግብ አልነካም ካለ ግን ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል።

ስለ ቁስሉ

ቁስሉን ጠዋትና ማታ በጥሩ ብርሃን መመልከት የመጀመሪያው ተግባር ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥቂት መቅላትና ማበጥ ያለ ነው፤ በየቀኑ እየቀነሰ መሄድ ግን አለበት። እብጠቱን ለማብረድ ሐኪሙ ከፈቀደ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት በረዶ በፌስታል አድርጎ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በጉልበቱ ላይ መያዝ ይጠቅማል። በረዶውን ያለ ጨርቅ ቆዳው ላይ ማሳረፍ ግን ቆዳውን ይጎዳል።

ስፌቱ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይወጣል። እስከዚያ ድረስ ውሻውን ማጠብ ክልክል ነው። በአንዳንድ ቤት ለሰው ቁስል የሚደረገው የቡና ዱቄት፣ ፌጦ፣ ቅቤ ወይም አልኮል በስፌቱ ላይ አይደረግም፤ ቁስሉን ይቆጠቁጣል ወይም ያቆሽሻል።

«ውሻ ቁስሉን ሲልሰው ይድናል» የሚለው የቆየ አባባል ለቀዶ ሕክምና ቁስል አይሠራም። በምላሱ ጀርም ያስገባል፤ በጥርሱም ስፌቱን ይፈታዋል። ለዚህ ነው ሐኪሞች የመሶብ ክዳን የመሰለ የፕላስቲክ መከለያ በአንገቱ ላይ የሚያጠልቁለት። ውሻው መጀመሪያ ላይ ከበርና ከወንበር ጋር እየተጋጨ ሲቸገር ቤተሰቡ አዝኖ ሊያወልቅለት ይፈልጋል። ስፌቱን ለመፍታት ግን ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋልና ማንም አጠገቡ ሆኖ በማይጠብቀው ጊዜ፣ ይልቁንም ሌሊት፣ መከለያው መውለቅ የለበትም።

ሕመሙና መድኃኒቱ

ውሻ ሲያመው የግድ አይጮኽም። እንዲያውም ብዙዎቹ ዝም ይላሉ። ያለ ሙቀት ማለክለክ፣ መንቀጥቀጥ፣ ጆሮን ወደ ኋላ መጣል፣ ጥግ ፈልጎ መደበቅ፣ መተኛት አቅቶት መነሣትና መቀመጥ፣ ምግብ መጥላት የሕመም ምልክቶች ናቸው። ሐኪሙ የሰጠው ማስታገሻ ውሻው የዳነ ቢመስልም በታዘዘው ሰዓትና መጠን መሰጠት ይኖርበታል። አብዛኛውን ጊዜ ከምግብ ጋር ይሰጣል። መድኃኒቱ ከተጀመረ በኋላ ቢያስመልሰው፣ ቢያስቀምጠው ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ ቢጠቁር መድኃኒቱን አቁሞ ወዲያው ሐኪሙን መጠየቅ ነው።

በዚህ በኩል ለእናቶች በብርቱ ሊነገር የሚገባው ነገር አለ። በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ የሚገኙት የሰው ማስታገሻዎች፣ እነ ኢቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና ፓራሲታሞል፣ ለውሻ በራስ ፈቃድ አይሰጡም። የውሻ ሰውነት እነዚህን መድኃኒቶች እንደ ሰው ስለማያስተናግዳቸው ጨጓራውን ሊያደሙ፣ ኩላሊቱን ወይም ጉበቱን ሊያበላሹ ይችላሉ። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው የተሠራ አንድ ክኒን ለ4 ኪሎ ውሻ ምን ያህል እንደሚበዛ ማንም ሊገምተው ይችላል። ከሐኪሙ መድኃኒት ጋር ተደርቦ ሲሰጥ ደግሞ አደጋው እጥፍ ነው።

ማረፊያውና ወለሉ

ለታማሚው ውሻ ሰፊ ቤት ጠላቱ ነው። ተነሥቶ የሚዞርበት፣ ተዘርግቶም የሚተኛበት፣ ሊሮጥና ሊዘል ግን የማይችልበት ጠባብ ቦታ ያስፈልገዋል። ለውሻ ተብሎ የተሠራ የሽቦ ቤት ከሌለ የክፍሉን አንድ ጥግ በሰሌዳ ወይም በሣጥን ማጠር ይበቃል። አጥሩ ውሻው ሊዘለው ከሚችለው በላይ ከፍ ያለ ይሁን። ቦታው ቤተሰቡ ከሚውልበት ክፍል ቢሆን ውሻው ብቻውን የተጣለ አይመስለውም፤ ማላዘኑም ይቀንሳል።

ቀጥሎ የሚታየው ወለሉ ነው። የተወለወለ ሲሚንቶ፣ ሴራሚክና የፕላስቲክ ንጣፍ ለደህነኛ ውሻም ያዳልጣል። በሦስት እግሩ ለቆመው ደግሞ ወጥመድ ነው። ውሻው በሚረግጥበት መንገድ ሁሉ የማይንሸራተት ምንጣፍ ወይም የታጠበ ጆንያ ማንጠፍ ያሻል። ጆንያው እንዳይንሸራተት ጠርዙን በከባድ ዕቃ መያዝ ይቻላል።

ሶፋ፣ አልጋና ደረጃ ለስምንቱ ሳምንት የተከለከሉ ናቸው። አሳንሰር በሌለው የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ላይ የሚኖሩ ቤተሰቦች ውሻውን ሲወጡም ሲወርዱም ታቅፈውት መሄድ አለባቸው። አያያዙም ደንብ አለው፤ አንድ እጅ ከደረቱ ሥር፣ ሌላው እጅ ከመቀመጫው ሥር ይሁንና የታመመው እግር ሳይንጠለጠል ይነሣል። መሬት ላይ ሲያስቀምጡትም ከእጅ እንዳይዘል አራቱም እግሩ መሬት እስኪነካ ድረስ አይለቀቅም።

መብሉና ክብደቱ

የማይሮጥ ውሻ እንደ ቀድሞው ከበላ ይወፍራል። ውፍረቱም የሚያርፈው በዚያው በታመመው ጉልበት ላይ ነው። 4 ኪሎ የነበረ ውሻ 400 ግራም ብቻ ቢጨምር፣ 60 ኪሎ የነበረ ሰው 6 ኪሎ እንደ ጨመረ ይቆጠራል። ስለዚህ በዕረፍቱ ወራት ምግቡ ምን ያህል መቀነስ እንዳለበት ሐኪሙን መጠየቅና በየሳምንቱ መመዘን ይገባል። አመዛዘኑ ቀላል ነው፤ አንድ ሰው መጀመሪያ ብቻውን፣ ቀጥሎም ውሻውን ታቅፎ በሚዛን ላይ ይቆማል፤ ልዩነቱ የውሻው ክብደት ነው።

ከማዕድ የተረፈ ወጥ ለውሻ መስጠት የተለመደ ቢሆንም ሊቀር የሚገባው ልማድ ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳሉ። ሽሮውም ምስሩም ሥጋ ወጡም ያለ ሽንኩርት እንደማይሠራ የታወቀ ነው። ዘቢብና ቸኮላታም መርዝ ይሆኑበታል። የተቀቀለ አጥንትም እየተሰነጠቀ አንጀቱን ሊወጋ ይችላል። ሆዱ እስኪረጋ ድረስ ያለ ጨውና ያለ ቅመም የተቀቀለ ሩዝ ከጥቂት ስብ አልባ ሥጋ ጋር ይስማማዋል።

እግሩን ማለማመድ

ዕረፍት ማለት እግሩን ጨርሶ አለማንቀሳቀስ ማለት አይደለም። ያልተንቀሳቀሰ መገጣጠሚያ ይደርቃል፤ ያልሠራ ጡንቻም ይከሳል። ልምምዱ ግን በመጠንና በሐኪሙ ትእዛዝ ነው። የቀዶ ሕክምናው ዓይነት ስለሚለያይ ከዚህ በታች የተመለከተው ለአጠቃላይ ግንዛቤ የሚረዳ እንጂ የሐኪሙን ቃል የሚተካ አይደለም።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውሻው የሚወጣው ለመጸዳጃ ብቻ ነው፤ በአጭር ገመድ ታስሮ፣ በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ 5 ደቂቃ ያህል። መቆም ቢያቅተው አሮጌ ነጠላ ወይም ፎጣ አጣጥፎ ከሆዱ ሥር በማሳለፍ የኋላ አካሉን ደገፍ ማድረግ ይቻላል። በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት የእግር ጉዞው ወደ 10 ደቂቃ ከፍ ይላል። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ጥቂት ደቂቃ እየተጨመረ በስምንተኛው ሳምንት 20 ደቂቃ ሊደርስ ይችላል።

ጉዞው ዝግ ያለ መሆን አለበት። ውሻ በፍጥነት ሲሄድ የታመመውን እግር አንሥቶ በሦስቱ መዝለል ይቀለዋል። ቀስ ብሎ ሲራመድ ግን አራተኛውን እግር መሬት ለማስነካት ይገደዳል። «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው የአባቶች ብሂል ለዚህ እግር የተነገረ ይመስላል። ብዙዎቹ ውሾች በሁለት ሳምንት ውስጥ ጣታቸውን መሬት ማስነካት ይጀምራሉ።

ሐኪሙ ፈቅዶ አሠራሩን ካሳየ፣ እብጠቱ ከጎደለ በኋላ ጉልበቱን በለብ ያለ ጨርቅ ለ10 ደቂቃ ማሞቅና ማሠራት ይቻላል። የጨርቁ ሙቀት አስቀድሞ በራስ አንጓ ላይ ይሞከራል። ውሻው በደህናው ጎኑ ተኝቶ ሳለ አንድ እጅ ጭኑን፣ ሌላው ቅልጥሙን ይዞ ጉልበቱን በዝግታ ማጠፍና መዘርጋት ነው፤ ከ10 እስከ 15 ጊዜ፣ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ። ውሻው እግሩን ከሳበ ወይም ዞሮ ካየ ሕመም ነውና እዚያው ላይ ይቆማል።

የዳነ ሲመስል

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በጣም የሚያሠጋው ጊዜ የመጀመሪያው ሳምንት ይመስላል። በእውነቱ ግን ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ያለው ጊዜ የበለጠ ያሠጋል። በመጀመሪያው ሳምንት ሕመሙ ራሱ ውሻውን ይይዘዋል። በሦስተኛው ስፌቱ ወጥቷል፣ ጸጉሩ መብቀል ጀምሯል፣ ውሻው እግሩን መሬት እያስነካ በር በተንኳኳ ቁጥር ለመሮጥ ይታገላል። ልጆች «ድኗል፣ ይፈታ» ይላሉ፤ ጎረቤትም «ምነው አሠራችሁት?» ይላል። በውስጥ ግን ጠባሳው ገና ለጋ ነው፤ አጥንቱም አልጠናም። ሐኪሙ መርምሮ፣ አጥንት የተቆረጠ ከሆነም ብዙውን ጊዜ በስድስተኛውና በስምንተኛው ሳምንት መካከል በራጅ ተመልክቶ ሳይፈቅድ ገመዱ መፈታት የለበትም። ለውሻው ማዘን የሚገለጸው ለመልቀቅ ባለመቸኮል ነው።

ልጆችና የሥራ ክፍፍል

የቤተሰቡ አባላት ሁሉ ቢተባበሩ ሥራው አይከብድም። ለምሳሌ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ አባት ወደ ሥራ ከመሄዱ በፊት ውሻውን ያወጣል። ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ቤት የምትውለው ሠራተኛ ወይም አያት ታወጣዋለች። ከምሽቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከትምህርት ቤት የተመለሰው ታላቅ ልጅ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ደግሞ እናት። መድኃኒቱ መቼ እንደተሰጠ፣ ቁስሉ ምን እንደሚመስል፣ እግሩን ማስነካት አለማስነካቱን በአንድ ደብተር መጻፍ ለታዳጊ ልጆች የሚስማማ ኃላፊነት ነው። አንዱ የሰጠውን መድኃኒት ሌላው ደግሞ እንዳይሰጥ ይጠብቃል፤ ሐኪም ዘንድ ሲኬድም ደብተሩ ከብዙ ቃል በላይ ይናገራል። ቤት የምትውለው ሠራተኛም የታዘዘ ነገር ብቻ ሳይሆን ምክንያቱም ጭምር ሊነገራት ይገባል፤ ከቀኑ የሚበዛውን ሰዓት የምትጠብቀው እርሷ ናትና።

ሕፃናት ውሻውን እንዳያነሡትና ሲተኛ እንዳይነኩት ማስተማር ያሻል። የቱንም ያህል ገር ቢሆን የሚያመው ውሻ ሊነክስ ይችላል። የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባቱ ጊዜው ያላለፈበት መሆኑን አስቀድሞ ማረጋገጥ ይገባል። ንክሻ ከደረሰም ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ፣ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ የሁሉም ግዴታ ነው።

ሐኪም የሚጠራው መቼ ነው?

ቁስሉ ከቀን ወደ ቀን እየቀላና እያበጠ ከሄደ፣ መግል ወይም ሽታ ካለው፣ ስፌቱ ከተከፈተ፣ ውሻው ከአንድ ቀን በላይ ምግብ ከጠላ፣ ሁለት ሳምንት አልፎት እግሩን ጨርሶ የማያስነካ ከሆነ፣ ወይም ማስነካት ጀምሮ ሳለ በድንገት ካቆመ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ሐኪሙ መሄድ ያስፈልጋል። የሌላውንም እግር መከታተል ተገቢ ነው። የአንዱ ጉልበት ጅማት ከተበጠሰባቸው ውሾች ግማሽ ያህሉ ውሎ አድሮ ሁለተኛውም እንደሚበጠስባቸው ሐኪሞች ይናገራሉ።

«ለውሻ ይህ ሁሉ?» የሚል ቢኖር መልሱ አጭር ነው። ልጆች ተጫውተውበት ያደጉት እንስሳ ሲታመም ወደ ሐኪም በራሱ አይሄድም፤ ያመመውንም ተናግሮ አያስረዳም። ጉልበቱ ሳይድን የቀረ ውሻ መገጣጠሚያው እየተበላ ዕድሜውን በቁርጥማት ይገፋል። ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ደግሞ ሁለተኛ ወጪና ሁለተኛ ሥቃይ ነው። ወጪውን መቋቋም አቅቶት ውሻውን ወደ መንገድ የሚያወጣ ቤተሰብ መኖሩም የማይካድ ነው። ይህ ሁሉ የሚቀረው በአጭር ገመድ፣ በታጠበ ጆንያና በስምንት ሳምንት ትዕግሥት ነው። ቀዶ ሕክምናው ከመደረጉ በፊት ቤተሰቡ አንድ ምሽት ተቀምጦ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደሚሠራ ቢነጋገር፣ ውሻው ወደ ቤት ሲመለስ ማረፊያውም ወለሉም አስታማሚዎቹም ተዘጋጅተው ይጠብቁታል።